የነጩ ቆብ ገበር

መስከረም 29

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣ ለመቀሱ ንጉሥ፤

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? እጅዎ እንዴት ነው? የስፌት ሱቁስ? መስኮቱ ላይ ያለችውን አሻንጉሊትስ እኔ ከሌለሁ ማን ያጫውታታል? እኔ ደህና ነኝ። አክስቴም ደህና ናት። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ዋሽተሽ እንዳትጽፊ» እያለችኝ ነው። ሚስትዎ ባሕር ተሻገረችም አልተሻገረችም ያው ናት።

«እንደደረሳችሁ ከሁሉ አስቀድመሽ ስለ ሳጥኑ ጻፊልኝ» ብለው ነበርና፣ ሳጥኑ ደህና ደርሷል። አውሮፕላኑ ውስጥ አስተናጋጇ ከላይ ላስቀምጥልሽ ብትለኝ እንደ ጡት ልጅ አቅፌ እምቢ አልኳት። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ እንቅልፋቸውን ጨርሰው ሲነቁ «ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው?» አሉኝ። «ሦስት» አልኳቸው። ምን ዋሸሁ? ቆቡን ሦስት ወር አይደል የሰፉት?

ያረፍነው የአክስቴ ታናሽ እህት፣ መነኩሲቷ፣ ምግብ በምታበስልበት የእህቶች ቤት ነው። ክፍላችን ሁለት አልጋ ይይዛል፤ እኛ ግን አንዱን ለሻንጣ ሰጥተን አንዱ ላይ ተዛዝለን እንተኛለን፤ አክስቴ ሻንጣ መሬት ላይ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትማ። ስለ ቆብ ቅያሬው መነኩሲቷን ጠየቅኳት። እውነት ነው ጋሼ! ቅዱስ አባታችን፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ፣ በየረቡዑ ትልቁ አደባባይ ላይ ሕዝብ ይቀበላሉ። አዲስ ነጭ ቆብ ይዞ የቀረበ ሰው ዕድሉ ከሰመረ፣ አዲሱን ተቀብለው ያደረጉትን አውልቀው ይሰጡታል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንዳንዴ ራሳቸው ላይ ነካ አድርገው ይመልሱታል፤ አንዳንዴም ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ዋናው መቅረብ ነው አለችኝ።

እኔ ትናንት የቀረብኩት ለአንድ ምሰሶ ነው። ሙሉውን ጊዜ ከሱ ጋር ነበርኩ፤ ዘመድ ሆነናል። ከዚያ ሆኜ ሳይ ቅዱስ አባታችን የሸሚዝ ቁልፍ ያክላሉ፤ ያውም የእጅጌውን። አክስቴ ግን «በደንብ አየኋቸው፣ ዓይን ለዓይን ተያየን» ብላ ለወጥ ቤቱ ሁሉ አውርታለች። ዋሽተሽ እንዳትጽፊ የምትለኝ ይቺ ናት እንግዲህ።

ሲሸኙን ያሉኝን አልረሳሁም። «ቆቡ ተቀባይ ካገኘ እጄ አልሞተም ማለት ነው። ተመልሶ ከመጣ ግን ሱቁን ለጫማ ሻጩ እለቃለሁ፣ አንቺም ሰባተኛ ክፍል ትመለሻለሽ» አሉ። ጋሼ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው! ጉልበቴ ከየትኛው ዴስክ ሥር ይገባል? ስለዚህ ቆቡ ይሄዳል። ለእርስዎ ስል እንዳይመስልዎት፤ ለጉልበቴ ስል ነው።

ለጎረቤታችን ለጋጋሪው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። መነኩሲቷ «የቅዱስ አባታችንን የራስ ልክ ከየት አገኛችሁት?» ስትለኝ «ከዳቦ ቤት» አልኳት። እስካሁን አልገባትም።

ግራኟ የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 4

ለግራኟ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለአክስትሽም። የሚጽፍልኝ ጋጋሪው ነው። እኔ ብዕር ስይዝ እንደ ዓሣ ይዘላል። (ዘሎ ሸሚዜ ላይ ነው ያረፈው። — ጋጋሪው)

ስለ ሱቁ ለጠየቅሽው፣ ጣሪያው አላፈሰሰም። የሙሽሪት እናት ቀሚሷን ወስዳለች፣ ወፈርኩ እንጂ ጠበበ አላለችም፤ ተመስገን ነው። ስለ እጄ ለጠየቅሽው፣ ያው ነው። ሐኪሙ «ይለመዳል» አለኝ። እሱ ቁልፍ ተክሎ ቢያውቅ እንዲህ ባላለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ያን ግራጫ ኮት ይዞ መጣ። «ትከሻዬን ባነቃነቅኩ ቁጥር ገበሩ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ» አለኝ። ፈታሁት። ወረቀት። «ትከሻዎን ቀና ያድርጉ፣ ሰማዩን ሌላ ሰው ይዞታል» ይላል። ጽሕፈቱን ዶሮም ብታየው የማን እንደሆነ ታውቃለች። ስንት ሰው ገበር ውስጥ ነው የጻፍሽው አንቺ መዘዘኛ? ከተማው በሙሉ ያንቺን ወረቀት ለብሶ ይሄዳል ማለት ነው? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሰውየው ግን ሳቀ። ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ወጣ። (ቀና ብሎ ነው የወጣው፤ በመስኮት አየሁት። — ጋጋሪው)

ቆቡ ገበር ውስጥ አንዳች ነገር ከተሽ እንደሆነ አሁኑኑ ተናገሪ። በአባትሽ አጥንት እለምንሻለሁ።

ጫማ ሻጩ ትናንት ሜትር ይዞ መጥቶ ግድግዳዬን ለካ። የሱ ሜትር አንድ ጣት ይጎድላል፤ አልነገርኩትም። መልሴን እስከ ወሩ መጨረሻ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ።

አጎትሽ

(እሱ አይነግርሽም እንጂ ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ላይ ሆኖ ፖስተኛውን ነው የሚጠብቀው። ሰላምታሽ ደርሶኛል። ቆቡ በኔ ራስ ከተለካ ጀምሮ ሰፈሩ ጳጳሱ እያለ ይጠራኛል፤ ዳቦ ሊገዙ መጥተው ባርከን ይሉኛል። ይህን ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽና እግዜር የእጅሽን አይንሳሽ። — ጋጋሪው)


ጥቅምት 9

ይድረስ ለአጎቴ፤

በአባቴ አጥንት፣ በአክስቴ ጉልበት፣ በጋጋሪው ራስ እምላለሁ፣ ቆቡ ገበር ውስጥ ምንም አልከተትኩም! እንዴት ቢጠረጥሩኝ ነው? እግዜርን የሚፈራ ሰው ነኝ እኮ፤ ቢያንስ ረቡዕ ረቡዕ።

የሌሎቹን ገበር በተመለከተ ግን ይህ ደብዳቤ ቦታ አይበቃውም።

ስለ ጉልበቷ ባይጠይቁኝም፣ አክስቴ ጠዋትና ማታ ታሸዋለች፤ ደረጃ ስታይ ያማታል፣ ሱቅ ስታይ ይድናል። ስለ ምግቡም ባይጠይቁኝ፣ መነኩሲቷ እህቷ እንደመሆኗ እጇ ጨው ላይ ያው ነው። ብዙ ውሃ እንጠጣለን።

ያለፈው ረቡዕ ለምን እንደከሸፈ ደግሞ ልንገርዎ። አደባባዩ መግቢያ ላይ ሰውን ሁሉ የሚፈትሽ ማሽን አለ። አክስቴ አለፈች። እኔ ስገባ ጮኸ። ተመለሽ አሉኝ፣ ተመለስኩ፣ ጮኸ። ጠባቂው አንድ በአንድ ያወጣልኝ ጀመር፤ ከኪሴ መቀስ፣ ከቀሚሴ ጠርዝ ሰባት እስፒል፣ ከኮሌታዬ መርፌ፣ ከጃኬቴ ገበር ውስጥ ደግሞ እኔ ራሴ የረሳሁት የብረት ቁልፍ ስድስት ፍሬ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ በአሥር ቋንቋ ሰደበኝ። ጠባቂው ግራ ገባው። ይህ ሰው የልብስ ሰፊ ልጅ አይቶ አያውቅም ማለት ነው።

መቀሴን ወሰደብኝና ስንወጣ ሊመልስልኝ የቁጥር ወረቀት ሰጠኝ። መርፌዋን ግን አላስነካሁም። የእጅጌው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ስለነበር እዚያው እንደቆመ ተከልኩለት። መርፌዬን መልሼ ኮሌታዬ ላይ ስሰካ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። እስክንገባ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። ተመልሼ ከምሰሶዬ ጋር ቆምኩ። ናፍቆኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ሥራ እናውራ። ትናንት ቆቡን አውጥቼ በብርሃን አየሁት። ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ስፌት በዕድሜዬ አላየሁም! ስምንቱም ቁራጭ አናቱ ላይ አንድ ነጥብ ላይ ነው የሚገናኘው። ጉንዳን እንኳ እንዲህ አይሰለፍም። የሰፋው እጅ ይባረክ! ብቻ ከኋላ በኩል፣ የገበሩ ጠርዝ ላይ፣ ሦስት ስፌቶች ያነክሳሉ። አንዱ ረዝሟል፣ አንዱ ሰክሯል፣ ሦስተኛው ወደ ቤቱ መመለስ የሚፈልግ ይመስላል። ነጭ ክር ከመነኩሲቷ ለምኛለሁ። ፈትቼ ልድገማቸው? መልስዎን እጠብቃለሁ።

ግራኟ


ጥቅምት 14

ለግራኟ፤

አይሆንም። መቀስ እንዳታስጠጊ። መርፌም እንዳታስጠጊ። ጥፍርሽንም። ያነከሰም መንገደኛ ይደርሳል፤ ተያቸው።

ባትጠይቂኝም፣ ድመቷ ወልዳለች።

ጫማ ሻጩ በቀን ሁለት ጊዜ እየመጣ «ወሩ እያለቀ ነው» ይለኛል፤ የቀን መቁጠሪያ የሌለኝ ይመስል።

አጎትሽ

(ደብዳቤሽን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። «የሰፋው እጅ ይባረክ» የምትለዋን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ ሦስቴም ሳቀ። ስለሚያነክሱት ስፌቶች ሳነብ ግን ጆሮው ቀላ። እኔ ምንም አላውቅም፤ እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። — ጋጋሪው)


ጥቅምት 20

ይድረስ ለአጎቴ፤

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ይስሙት። የሚያነብልዎ ጋጋሪው ከሆነ እሱም ይቀመጥ፤ ሊጡ አይሸሽም።

ቆቡ ሄደ!

ጋሼ ይሙቱ፣ ሄደ! ራሳቸው ላይ ነው! እንደ ክዳን ግጥም ነው ያለው! ለጋጋሪው ይንገሩልኝ፣ ከእንግዲህ ያ ራስ የተመሰከረለት ራስ ነውና በባዶው ወደ ምድጃ አይጠጋ።

በሥርዓቱ ልንገርዎ። ባለፈው ሳምንት ቅዱስ አባታችን ጉንፋን ይዟቸው አልወጡም። ትናንት ግን በጠዋት ሄደን ተሰለፍን። መቀሴን ቤት ትቼ ነበር፤ አስተዋይ ሆኛለሁ። እዚህ አዲስ ተጋቢዎች የሠርግ ልብሳቸውን ለብሰው ከመጡ ከፊት ከፊት፣ ደረጃው ሥር የተለየ ቦታ ይሰጣቸዋል። ቅዱስ አባታችንም መጨረሻ ላይ ወርደው አንድ በአንድ ይጨብጧቸዋል። ታዲያ ከፊቴ የቆመችው ሙሽራ ጫማዋን ላስተካክል ብላ ጎንበስ ስትል የቀሚሷ ዚፕ ከአንገት እስከ ወገብ ተተረተረ! ሙሽራው ኮቱን ደረበላት። እሷ ታለቅሳለች። እናትየው ዚፑን የሠራውን ሰው እስከ ሰባት ትውልዱ ረገመችው፤ ቋንቋዋን አላውቅም፣ እርግማን ግን አስተርጓሚ አይፈልግም።

መርፌዬን ከኮሌታዬ ነቀልኩ። ክር ጃኬቴ ውስጥ አለ። በቁሟ ሰፋኋት። በግራ እጄ ስጀምር እናትየው አማተበች፤ ስጨርስና ክሩን በጥርሴ ስበጥስ አገላብጣ ሳመችኝ። ያን ጊዜ በምልክት አስረዳኋቸው፤ ይቺ ልጅ ከእንግዲህ ያለ እኔ ከዚህ ቀሚስ አትወጣም! ሙሽራው መጀመሪያ ሳቀ፣ ትንሽ አሰበበትና ፊቱ ተለወጠ፣ ከዚያ እጄን ለቀም አድርጎ ይዞኝ ሄደ። ከፊት ያለው ጠባቂ «ይቺስ?» ሲል እናትየው ሙሽራዋን አዙራ ጀርባዋን አሳየችው። አየና አሳለፈኝ። ጋሼ፣ የይለፍ ወረቀት የሆነኝ ስፌት ነው።

አክስቴ ከአጥሩ ወዲያ ቀርታ ሻርፗን ስታውለበልብና ስትጮህ እሰማለሁ። ምን ትል እንደነበር ስመለስ ጠየቅኳት፤ «ሳጥኑን በሁለት እጅሽ!» ነበር።

ከዚያ የሆነውን እሷ በቃሏ ትንገርዎ፤ እኔ እኩሌታውን አላየሁትም። ዓይኔ ውሃ ሞልቶ ነበር። አይሳቁ። የማስታውሰው ቅዱስ አባታችን ቆቡን ተቀብለው ወዲያው እንዳልደፉት ነው፤ ገልብጠው ስፌቱን አዩ። እንደ ልብስ ሰፊ! ገበሩን ከኋላ በኩል በጣታቸው ዳሰስ፣ ዳሰስ አደረጉና ፈገግ አሉ። ከዚያ የራሳቸውን አውልቀው ሰጡኝ፣ የኛን ደፉ። ሙሽሮቹ አጨበጨቡ። ቀጥለው በጣታቸው መርፌ እንደያዘ ሰው አድርገው፣ ቅንድባቸውን ወደ እኔ ከፍ አደረጉ። ማን ሰፋው? ማለታቸው ነው።

ጋሼ፣ በዚህ አፌ ስንት ሰው እንዳታለልኩ ያውቃሉ። ለፖስተኛው ልደቱ ነው ብዬ መንደሩን ሁሉ አስዘምሬበታለሁ። ትናንት ግን «አጎቴ ነው» ልል አፌን ስከፍት ራሴ ቀድሞኝ «እኔ ነኝ» ብሎ ነቀነቀ።

እውነት ነው። እኔ ነኝ።

ልንሄድ አምስት ቀን ሲቀረን፣ እርስዎ ሐኪም ዘንድ በሄዱበት፣ የእርስዎን ቆብ ራሴ ላይ ደፍቼ ደጃፍ ላይ ወጣሁ። አላፊ አግዳሚውን ባረክሁ። ድመቷንም ባረክሁ፤ መውለዷ ከዚያ ይሆናል። ስመለስ ተጨማዶ ነበርና ካውያ አስነካሁት። ካውያው ግሎ ኖሯል። ሐሩ እንደ ዳቦ ቅርፊት ቡናማ ሆነ። የዚያን ጊዜ የደነገጥኩትን ድንጋጤ ለጠላቴም አልመኝም። ከተረፈው ሐር በእርስዎ ቅድ ቆርጬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሆዴን አመመኝ እያልኩ ጓዳ ተቀምጬ ሌላ ሰፋሁ። የእርስዎ ከቁርጥራጭ ጨርቁ ከረጢት ሥር ነው። ያን ሁሉ ሙገሳ የጻፍኩትም ለራሴ ነበር፤ እፍረት አልፈጠረብኝም።

እንግዲህ የተቀበሉት የእርስዎን እጅ አይደለም። ቃልዎ ቃል ነው። ሱቁን ለጫማ ሻጩ ቢሰጡ፣ እኔንም ሰባተኛ ክፍል ቢያስገቡኝ ትንፍሽ አልልም። ብቻ እጅዎ ሞተ ብለው እንዳያስቡ። ያቃጠልኩት ቆብ ቆንጆ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። በሕይወቴ የቀለድኩትን ሁሉ ቀልድ ይበሉት፤ ይሄኛው ግን ቀልድ አልነበረም።

ጥፋተኛዋ


ጥቅምት 25

ለግራኟ፤

ይህን ራሴ ነኝ የምጽፈው። ጋጋሪውን ወደ ምድጃው ሰደድኩት። መስመሩ ቢወላገድብሽ ወረቀቱን እያዘነበልሽ አንብቢው።

ቁጭ በሉ ባልሽው መሠረት ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አለቀስኩ እንዴ? አልጠየቅሽኝም፣ ይለፍ።

አሁን ተራው የኔ ነው። ልትሄዱ ሁለት ቀን ሲቀር ሳጥኑን ከፍቼ አይቻለሁ። አርባ ዓመት መርፌ የያዘ ሰው ክዳኑን ሲያነሳ ያውቃል። የኔ ስፌት ወደ ቀኝ ይተኛል፣ ያ ግን ወደ ግራ ተኝቷል። በዚህ ከተማ ወደ ግራ የሚተኛ ስፌት ያለው አንድ ሰው ነው፤ እሷም ጓዳ ሆዷን አሟት ነበር። ከረጢቱን ፈተሽኩና የተቃጠለውን አገኘሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አኖርኳቸው። መጀመሪያ ተናደድኩብሽ። ቀጥሎ ቀናሁብሽ፤ የኔ ሦስት ወር ሙሉ ለፍቼበት ይወላገዳል፣ ያንቺ በሁለት ቀን ቀጥ ብሏል። ይህን ማን አስተማራት ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ቆይቶ ትዝ አለኝ።

ስሸኛችሁ «ቆቡ ተቀባይ ካገኘ እጄ አልሞተም» ስልሽ ይህን ሁሉ አውቄ ነው። የትኛውን እጅ ማለቴ መሰለሽ?

ሌላም አለ። የሚያነክሱት ሦስት ስፌቶች የኔ ናቸው። ሰክሯል ያልሽው መሐለኛው ብቻውን ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ገበሩን ጥቂት ፈትቼ ወረቀት ከትቻለሁ። ይህን ዓመል ከማን እንደተማርኩት አትጠይቂኝ፤ ወረቀትሽን ያገኘሁበት የዳይሬክተሩ ኮት የመጀመሪያው አልነበረም። ቃሉ የኔ ነው፣ በደቃቅ ፊደል የጻፈው ጋጋሪው፦ «ይህን የሰፋችው የወንድሜ ልጅ ናት። እጇ ወርቅ ነው፣ አደብ ግን የላትም። አባታችን ሆይ ይጸልዩላት፤ ስለ አደቧ ጥቂት፣ ስለ እጇ ብዙ።» ቋንቋችንን አያነቡም። ግድ የለም፣ የሚያነብ አለ።

ጫማ ሻጩን አሰናብቼዋለሁ። ሜትሩ አንድ ጣት እንደሚጎድልም ነገርኩት። ሰሌዳ ጻፊው ትናንት መጥቶ የሱቁን ሰሌዳ አወረደ። አሁን «ግራኟና አጎቷ» ይላል፤ ከላይ አንቺ፣ ከታች እኔ። ሰባተኛ ክፍል ግን አልቀረልሽም፤ የማታ ትጀምሪያለሽ። ማታ ትልልቅ ዴስክ ነው ያላቸው፣ ጠይቄያለሁ።

አርባ ዓመት ሙሉ ሰው አታልዬ አላውቅም ነበር። ጣፋጭ ነገር ነው ለካ።

አጎትሽ


ኅዳር 4

ይድረስ ለአታላዩ አጎቴ፤

ተሸነፍኩ። እጄን ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱንም።

ደብዳቤዎን ለአክስቴ ሳነብላት ወረቀቱ ጋ ስደርስ አልጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀና ብዬ ባያት ትራስ ነክሳ እየሳቀች ነው። ለካ ክሩን በመርፌው ያስገባችልዎ እሷ ናት! አምስት ሳምንት ከኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተዛዝላ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «ዋሽተሽ እንዳትጽፊ» የምትለኝ ሁሉን እያወቀች ነበር! እናንተ ባልና ሚስት ለመንደር ታሰጋላችሁ። እኔ ከእናንተ ፊት የእሑድ ተማሪ ነኝ።

ያ ፈገግታም ገባኝ። ጣታቸው ወረቀቱን አግኝቶት ነው።

ትናንት ረቡዕ ስለነበር ስንብት ልል ወደ አደባባዩ ሄድኩ። ከኋላ፣ ከምሰሶዬ ጋር ቆምኩ። ቅዱስ አባታችን እንደ ቁልፍ ከሩቅ ይታያሉ፤ ራሳቸው ላይ ነጭ ነገር አለ። የኛ ይሁን የሌላ ከዚያ ርቀት ስፌት አይለይም። ብቻ በንግግራቸው መሐል እጃቸውን ወደ ኋላ ሰድደው ቆቡን በስተጀርባ በኩል፣ ሦስቱ ባሉበት፣ ነካ አደረጉት። ወረቀቱ ኮርኩሯቸው ይሆናል። ምሰሶዬን አቅፌ ሳቅሁ፤ እንባም ነበረበት፣ ይለፍ።

አሮጌውን ቆብ በሳጥኑ ይዤልዎ እመጣለሁ። ጋጋሪው አንዴ ብቻ ይሞክረው፣ ያውም ዱቄቱን አራግፎ። ገበሩን አልፈታሁትም። ዳስሼው ግን አይቻለሁ፤ ለማንኛውም ብዬ።

ጸሎቱ ስለ እጄ ይዟል። ስለ አደቤ ግን ጥቂት ያሉት በጣም ጥቂት ሳይሆን አልቀረም፤ ዛሬ ጠዋት የመነኩሲቷን የሽርጥ ኪስ ከአፉ ሰፍቼ ዘግቼዋለሁ። ማንኪያዋን ልትከት ሦስት ጊዜ ሞከረች። አሁን ከወጥ ቤት ስሜ ሲጠራ ይሰማኛል፣ ደብዳቤውን እዚህ ላይ ትቼ መሮጤ ነው።

ግራኟ፣
ከላይ የተጻፈችው